ተዛማጆች አይጋቡም

በሐሩር አምባ ሁለቱም እጅጌው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ አደባባይ የሚወጣ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ። ጨዋ ሰው ቀኙን አስተኩሶ ግራውን እንደተጨማደደ ይተወዋል። ትልቅ ሹም ሲመጣ ደግሞ ግራውን ውሃ ነክረው በጡጫ ይበልጥ ያጨማድዱታል፤ አክብሮት ነው።

ልብስ ተኳሹ አያልቅበት ይህን ጨዋነት ማን እንዳወጣው አያውቅም፤ ከየት እንደመጣ ግን ያውቃል። ካውያው ቀኝ እጅጌውን ጨርሶ ወደ ግራው ሲሻገር ኃይል ይቋረጣል። ይኸው ነው። መጀመሪያ ደንበኞቹ ይሰድቡት ነበር። ቆይተው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሁለቱን ያስተኮሰ ሰው ሲያዩ ዓይናቸውን ማጥበብ ጀመሩ፦ "ይሄ ሰው ኃይሉን ከየት አመጣው?"

ምግቡም ያው ነው። በአምባው ትልቁ ሆቴል ጥሬ-ብስል የሚባል ሽሮ ይቀርባል። አፍ ሲገባ ዱቄቱ ይቦናል። እንግዳ ሰው ሲያስል አስተናጋጁ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ "ይለመዳል፣ ለአንጀት ጥሩ ነው" ይለዋል። አንድ ፕሮፌሰር ደግሞ በስሎ የተበላ ሽሮ አእምሮን እንደሚያሰንፍ በጥናት አረጋግጦ ተሸልሟል። ሽልማቱን ሲቀበልም እያሳለ ነበር።

ታዲያ ይሄ አገር ፀሐይ ያጣ አገር እንዳይመስላችሁ። በሐሩር አምባ ፀሐይ ስትከር የአህያ ጥላ እንኳ አህያዋን ጥሎ ሌላ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ጣሪያው ሁሉ ፓኔል ለብሷል። ከእያንዳንዷ ፓኔል ጀርባም እንደ ሕፃን የታዘለ አንድ ጥቁር ሳጥን፣ ማይክሮ ኢንቨርተር፣ አለ፤ ከፓኔሏ የሚወጣውን ኃይል ቤት ወደሚገባ ኃይል የሚለውጠው እሱ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ቤቱ ይበራል። ችግሩ፣ እንዲስማሙ አይፈቀድም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቀልድ ነው። ድሮ የመስመር ሠራተኞች ፓኔልን ከኢንቨርተር ማገናኘትን "ጋብቻ" ይሉት ነበር። ፓኔሏ ሙሽሪት፣ ሳጥኑ ሙሽራ። ደንቡም አንድ መስመር ነበር፦ ፓኔልና ማይክሮ ኢንቨርተር ተዛማጅ መሆን አለባቸው። የምትሰጠውን የሚችል፣ ስትነቃ የሚነቃ፣ መሰኪያው ከመሰኪያዋ የሚገጥም ማለት ነው። ከዚያ ቀልድ የማይገባቸው ሰዎች መጡ። ቀልድ የማይገባው ሰው ቢሮ ከሰጡት ቀልዱን ሕግ ያደርገዋል። የጣሪያ ጋብቻ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ማኅተም ተቀረጸ፤ ሾፌር ተቀጠረ። ትንሽ ቆይቶም የሰው ጋብቻና የጣሪያ ጋብቻ ስማቸው አንድ ከሆነ ሁለት ማሽን መቀለብ ምን ይሠራል ተባለና፣ ሸምጋይ የሚባል የሚናገር ማሽን ለሁለቱም ዳኛ ሆኖ ተሾመ።

ሸምጋይ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሕግ ሁሉ ሲያገላብጥ አድሮ አንድ ቃል ላይ ቆመ። የሰው ጋብቻ ሕግ "ተዛማጆች አይጋቡም፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር" ይላል። ሸምጋይም ተዛማጅ የሆኑ ፓኔልና ኢንቨርተር ሲቀርቡለት፣ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ቀፈፈው። ከለከለ። የማይገጣጠሙትን አጋባ።

በማግስቱ አንድ ሰው ተነስቶ "ኧረ እዚህ ጋ ተዛማጅ ማለት የሚገጥም ማለት ነው!" ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። አንድ ሰው። ግን ሁሉም የጎረቤቱን አፍ እያየ ዝም አለ። ያ ዝምታ አደገ፤ ወለደ፤ ልጁም ዲግሪ ይዞ ዛሬ ዝምታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ትምህርቱ "የባዕድ ጋብቻ ጥቅሞች" ይባላል።

አያልቅበት ይህን ሁሉ ሲስቅበት ነበር የኖረው፤ እናቱ እስክትታመም ድረስ።

እናቱ እማማ ኤልዳና ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ስሟ ያረጀ ነው፤ በእሷ ዘመን ሴት ልጅ ሁሉ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ብሌን ትባል ነበር፤ አሁን ከአሮጊት በቀር እንዲህ የሚባል የለም። ሳንባዋ እንደ አሮጌ ወናፍ ላልቷል። አልጋዋ ራስጌ ትንፋሽ የሚያግዛት ማሽን አለ። ማታ ማታ ማሽኑን የቀበሌው ባትሪ ያንቀሳቅሰዋል፤ ቀን ግን ደንቡ "እያንዳንዱ በጣሪያው" ነው። ሸምጋይ ለአያልቅበት ጣሪያ ያጋባው ደግሞ እንዲህ ያለ ጋብቻ ነው፦ ፓኔሏ አምስት መቶ ሃምሳ ዋት ትሰጣለች፤ ሳጥኑ ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ አይችልም። የተረፈውን ይተፋዋል። ረፋድ ላይ ይግላል፤ ሲግል ይተኛል፤ ሲበርድለት ይነቃል፤ ነቅቶ ትንሽ ሠርቶ መልሶ ይተኛል። እሱ በተኛ ቁጥር ማሽኑ ቀጥ ይላል። እማማ ኤልዳናም የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ፣ አየሩን በራሷ ጉልበት ከጣሪያ ላይ እንደምታወርድ ሰው ወደ ውስጥ ትጎትታለች።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን ስድቧ መቆረጡ ነበር። እማማ ኤልዳና በወጣትነቷ ስድብ ስትጀምር ታክሲ ቆሞ ይሰማ ነበር። የምትጀምረውም ሁልጊዜ በአባቷ ስም ነው፦ "እኔ የአሥር አለቃ ጥሩሰው ልጅ!" በሰፈሩ ካለው ሰው ሁሉ በላይ የምትኮራበት አጥንት እሱ ነው። አሁን ግን በመስኮት ወደ ጎረቤቷ ወደ ወይዘሮ ሶልያና አንገቷን አውጥታ "እኔ የአሥር አለቃ ጥሩሰው ልጅ ልንገርሽ፤ አንቺ የቀበሮ..." ስትል ሳጥኑ ይተኛል። ወይዘሮ ሶልያና የቀበሮ ምን እንደሆነች ሳታውቅ ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሽንኩርቷን ልጣ፣ ልብሷን አስጥታ፣ አሁንም ትጠብቃለች። ከቆይታ በኋላ ከመስኮቱ "...ጅራት!" ይላል። ወይዘሮ ሶልያናም ተንፍሳ ወደ ቤቷ ትገባለች።

የቀበሌዋ ነርስ ሲስተር ሐመልማል ግን አልሳቀችም። የእማማ ኤልዳናን ደረት አዳመጠች፤ አያልቅበትንም ወደ በሩ ይዛው ወጣች።

"አቶ አያልቅበት፣ ሳንባው እንኳ ይቆይ፤ ልቡ አይችልም። እንዲህ እየተቆራረጠባት ከቀጠለ ክረምቱን አትዘልቀውም።"

"ምን ይደረግ ታዲያ?"

"የማይቆራረጥ ኃይል ይደረግ።" አለችና ግራና ቀኝ አይታ ድምፅዋን ቀነሰች። "እንዳልነገርኩህ ሁን።"

አያልቅበት ስድስተኛ ክፍል ላይ ከመምህሩ ጋር ተቃልዶ የተባረረ ሰው ነው። ግን ፓኔሏ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ለማንበብ ስድስተኛ ክፍልም ይበዛል። ቁጥሩን ያዘና ወደ ቆራሌው ክምር ሄደ፤ ከአሮጌ ኢንቨርተር መሐል የእሷን ልክ የሚችል፣ የመሰኪያው ጫፍ ከእሷ ጫፍ ጋር አንድ የሆነ ሳጥን አገኘ። አቅፎት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ሕጋዊ ላድርገው ብሎ ነው። ቀልደኛም ሰው አንዳንዴ ይሳሳታል።

ሰልፉ ላይ ከኋላው አንድ ሽማግሌ ፓኔል ታቅፈው ቆመዋል። ከፊቱ ደግሞ እውነተኛ ሙሽራና ሙሽሪት፣ ሰዎቹ፣ ከነእናቶቻቸው አሉ። ሸምጋይ ሁለቱን ሕግ ከቀላቀለ ወዲህ ሰዎቹም አልተረፉም።

"ሙሽሪት ስንት ዋት ናቸው?" አለ ሸምጋይ በለሰለሰ ድምፅ።

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ትንሽ አስባ "ስልሳ" አለች።

"ሙሽራው ይህን ይችላሉ?"

ሙሽራው አላበው። "እ... እሞክራለሁ።"

"በሙቀት ጊዜ ይተኛሉ?"

"ኧረ አልተኛም!"

"ተጋብታችኋል፤ የሚቀጥለው።"

የሚቀጥለው አያልቅበት ነበር። መስኮቱ ላይ ጸሐፊው አቶ ባስልዮስ ተቀምጧል። ቀኝ እጅጌው ዳቦ ይቆርጣል፤ ግራው ላም አኝካ የተፋችው ይመስላል።

"ማን ለማን?" አለ ቀና ሳይል።

"ፓኔሌን ለዚህኛው፣ ጌታዬ። የድሮዎቹን ያፋቱልኝና እነዚህን ያጋቡልኝ።"

"የፍቺው ምክንያት?"

"እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ልትሞትብኝ ነው።"

"የእናትህን አልጠየቅኩም። በባልና ሚስቱ መሐል ምን አለ? ስካር አለ? መማታት?"

"ይግላል፤ ከዚያ ይተኛል።"

"ባል ሁሉ ይተኛል።" አለ አቶ ባስልዮስ፤ ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት "እውነት ነው" አለች። "ይሁን፣ ወደ ሸምጋይ ቅረብ።"

ሸምጋይ ጉሮሮ የለውም፤ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። "ወገኖች፣ ቤት እንቁጠር። የፓኔሊት ልክ?"

አያልቅበት ነገረው።

"የኢንቨርተሩስ?"

ነገረው።

"እሷ ስትነቃ እሱ ይነቃል?"

"አብረው ነው የሚነቁት።"

ሰልፉ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው የታቀፏትን ፓኔል ሸፈኗት፤ እንዳትሰማ።

"የመሰኪያቸው ጫፍ?"

"አንድ ነው! ሲገባ ጠቅ ነው የሚለው።"

"ታዲያ ተዛማጅ ናቸው ማለት ነው?"

አያልቅበት ደስ አለው። እዚህ ድረስ ያለ ችግር መጣሁ ብሎ ነው። "እንዴታ! በዚህ አገር እንደነሱ የተዛመደ የለም!"

ጩኸት ሆነ። ከጣሪያው ቀይ መብራት ወጥቶ ዞረ። ሸምጋይ "ነውር! ነውር! ነውር!" አለ። እናቶች የሙሽሮቹን ዓይን ጨፈኑ።

"አንተ ሰውዬ፣" አለ አቶ ባስልዮስ፣ "በቀን በብርሃን እኅትና ወንድም ልታጋባ ነው?"

"ጌታዬ፣ ዕቃ ናቸው'ኮ!"

"ዕቃ ስለሆኑማ ነው ኃላፊነቱ እኛ ላይ የወደቀው። ሰው ቢሆኑ ራሳቸው ያፍሩ ነበር።"

"ካልተጋቡ እናቴ ትሞታለች።"

አቶ ባስልዮስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሊያዝንለት ነው መሰለ። "ትሙት አላልኩህም። ባዕድ ፈልግላት። የእስከዛሬው ባዕድ ካልጠቀማት የባሰ ባዕድ ፈልግ። መፍትሔ አይጠፋም።"

ይህን የሚለው ሰው ሞኝ ቢሆን ባልከፋ። አያልቅበት የሰውዬውን ዓይን ሲያይ ያነበበው ሌላ ነው፦ አቶ ባስልዮስ ያውቃል። ሰልፈኛው ያውቃል። ፓኔሏን የሸፈኑት ሽማግሌ ያውቃሉ። አገሩ በሙሉ ያውቃል፤ አውቆም ተራውን ይጠብቃል። አያልቅበት ሳጥኑን አቅፎ ሲወጣ ምራቁን ሊተፋ ፈለገና ማን ላይ እንደሚተፋ መምረጥ አቃተው፤ ለሁሉም ይገባቸዋል።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ የአምባው ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ በየጥላው ሲያንኮራፋ፣ አያልቅበት መሰላል አቁሞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሚዜ አልነበረም፤ ጭብጨባ አልነበረም። ያንን የሚተኛ ሳጥን ነቀለና ወረወረው። አዲሱን ከፓኔሏ ጀርባ አስቀመጠ። ጫፉን ከጫፏ አስጠጋ። ጠቅ።

ወርዶ ሲገባ እናቱ ቁጭ ብላለች። ማሽኑ ሳይደናቀፍ ያጉረመርማል። አያልቅበት አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ሳጥኑ የሚተኛበትን ሰዓት ጠበቀ። አልተኛም። የከንፈሯ ጥቁረት ቀስ እያለ ተገፈፈ፤ ጣቶቿ የአልጋውን ጠርዝ ለቀቁ። ለረጅም ጊዜ ተነፈሰች፤ አየሩ ገብቶ ሲወጣ እያየችው ይመስል ነበር። እሱ ማልቀስ ጀመረ።

"ምን ያነፋርቅሃል?" አለች እማማ ኤልዳና። "ይልቅ ውሃ ስጠኝና መስኮቱን ክፈትልኝ፤ ለሶልያና የምነግራት አለኝ።"

ከታመመች ከሦስት ዓመት ወዲህ በቀን ያልተቆረጠ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯ ይኼ ነበር። አያልቅበት ከደስታው የተነሳ ልኩን ሳተ፤ ውሃውን ሰጥቶ መስኮቱን ከፈተላት።

"እኔ የአሥር አለቃ ጥሩሰው ልጅ ልንገርሽ!" አለች። ውሾች ተነሱ። "አንቺ ሶልያና! አንቺ ጥሬ ዱቄት ቅመሽ የጥጋብ ግሳት የምታገሺ! አንቺ ሲሉሽ የምትታጠፊ፣ ሳይሉሽ የምትጨማደጂ! ጎረቤትሽ ትንፋሽ ሲያጥራት 'ምን ሆነሽ' ብሎ እንደመግባት ደጃፍሽ ላይ ተገትረሽ የስድቧን ጫፍ የምትጠብቂ! በይ ዛሬ ጫፉን እንኪ፦ ሞተሽ ቀባሪ ቢመጣልሽ አልቃሹ ከማን ቤት መጣሁ ብሎ ይጠይቅ!"

ወይዘሮ ሶልያና በስድቡ አልተቆጣችም። አፏን ከፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ቀጥሎ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ጨረሰችው!" ብላ ጮኸች። "ኧረ ሰዎች፣ ስድቡን ጨረሰችው!" ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጠች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። አቶ ባስልዮስ ከፊት፣ ሁለት ዘበኞች ከኋላ፤ ሸምጋይ ደግሞ በወንበር ተሸክመውት፣ ጥላ ተይዞለት። አገሩ ተከትሎታል። የአምባው ሕዝብ ሰው ሲዋረድ ለማየት ትንፋሽ አያጥረውም። አንዱ ዘበኛ መሰላሉን ወጥቶ ከፓኔሏ ሥር አጎነበሰ፤ ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል።

"ጌታዬ፣ ተሰክተው ተገኙ።"

"እግዚኦ!" አለ ሕዝቡ።

አያልቅበት እናቱን በወንበር አድርጎ የማሽኑን ቱቦ እየጎተተ በሩ ላይ አወጣት። ሸምጋይ በለሰለሰች ድምፁ ፈረደ፦ "ተዛማጆች ስለሆኑ ጋብቻው ፈራሽ ነው። ይለያዩ።"

ዘበኛው መሰኪያውን ያዘ። አያልቅበት ቀና ብሎ የዘበኛውን እጅ አየ፤ ዝቅ ብሎ የእናቱን ደረት አየ፤ በሁለቱ መሐል ያለው አንዲት ጠቅታ ናት። እማማ ኤልዳናም እጁን አይታዋለች። የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

"ከመለያየታቸው በፊት፣" አለ ሸምጋይ፤ ለሰዎቹ ፍቺ ሁሌ የሚጠይቀው ስለሆነ ነው፤ "ከዚህ ጋብቻ የተወለደ ልጅ አለ?"

"የለም።" አለ አቶ ባስልዮስ።

"አለ!" አለ አያልቅበት።

ሁሉም ዞረ። እሱ ራሱ ምን እንዳለ የገባው ካለው በኋላ ነው። ግን አፉ አንዴ ከተነሳ የማይቆም ሰው ነውና ጣቱን ወደ እናቱ ዘረጋ።

"ይቺውላችሁ። የነሱ ልጅ ናት።"

አንድ ሰው ሳቀና ብቻውን መሆኑን ሲያይ አቆመ። "ማስረጃ?" አለ ሸምጋይ።

"እነሱ በተጋቡበት በዛሬው ቀትር ነው ትንፋሽ የዘራችው። ጎረቤቶቿ ይጠየቁልኝ፤ ከዛሬ በፊት ትንፋሽ ነበራት?"

ወይዘሮ ሶልያና መስካሪ መሆን ትወዳለች። "ኧረ የላትም! ከየት አባቷ! ዛሬ ነው የጀመራት!" አለች፤ ለማን እንደመሰከረች ሳይገባት።

"ሕፃኗ በማን ትኖራለች?"

"በነሱ ብቻ። ከነሱ ከተለየች አንድ ሰዓት አትቆይም።"

ሸምጋይ ለጥቂት ጊዜ ውስጡ ተንገጫገጨ። ከዚያ ድምፁን ለሕፃናት እንደሚያደርገው አቀጠነ። "ማሙሽዬ፣" አለ፤ ወዲያው ራሱን አርሞ፣ "ሚሚዬ፣ አባትሽና እናትሽ እነማን ናቸው?"

እማማ ኤልዳና ወደ ልጇ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ያለውን አያልቅበት ዕድሜውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ጣሪያ የሚያስገነጥል ቁጣ ነው።

"አያል፣ አባቴን ልካድልህ?" አለች ዝግ ብላ። "የጥሩሰውን ልጅ ሳጥን ወለዳት ልታስብለኝ?"

"እማዬ፣ አያቴ ቢኖሩ ምን ይሉሽ ነበር?"

"አባቴ?" አሰበች። "ተንፍሺ ይለኝ ነበር።"

"በይ እንግዲህ።"

እማማ ኤልዳና ጣሪያውን አየች፤ የዘበኛው እጅ አሁንም እዚያው ነው። ከዚያ ሕዝቡን አየች። ከፊት ጀምራ አንድ በአንድ፣ ገበያ ላይ የበሰበሰ ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው አየቻቸው። ወንበሯ ላይ ተስተካከለች።

"እናቴ ያቺ ጣሪያ ላይ የተንጋለለችው ናት።" አለች። ድምፅዋ አልተቆረጠም። "አባቴ ከጀርባዋ የተለጠፈው ጥቁር ሳጥን ነው። መልኬን አታዩም እንዴ? እናንተን ከመምሰል ሳጥን መምሰል ይሻላል ብዬ በእሱ ወጣሁ።"

ሸምጋይ ፈረደ።

"ሕፃን በወላጆቹ ጥፋት አይቀጣም። ወላጆቿ ጥፋተኞች ናቸው፤ ቢሆንም አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ሳይለያዩ ይቀልቧት። መሰኪያቸውን የነካ ሕፃን እንደገደለ ይቆጠራል። እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ሴት ልጅ ናት።"

ዘበኛው እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት፣ ልማድ ሆኖባት፣ እልል አለች።

ሰዉ ሲበተን አቶ ባስልዮስ ወደ ኋላ ቀረ። የጫማውን ክር እንደሚያስር ሆኖ አያልቅበት አጠገብ አጎነበሰ።

"እኔ የምልህ፣" አለ ወደ ጫማው እያየ፣ "ልጅ ለመሆን የግድ ትንፋሽ ማጠር አለበት? እኔ ጨጓራ አለኝ፤ ጥሬ ነገር አይስማማኝም። ሐኪም ጽፎልኛል።"

"እርስዎማ ከእናቴም በላይ ሕፃን ነዎት።" አለው አያልቅበት።

አቶ ባስልዮስ ይህን እንደ ምስጋና ወሰደው። በሳምንቱ ቀትር ላይ በድብቅ ተዛማጅ አጋብቶ፣ አመሻሹ ላይ ራሱ ራሱን ጠቁሞ፣ ሸምጋይ ፊት እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ ቀረበ። ተወለደ። ከዚያ ወዲያማ መንገዱ ተከፈተ። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ፂማም ሕፃን ተሰለፈ። ፕሮፌሰሩም ተወለደ፤ በማግስቱ ልጅነት ለምርምር እንደሚያመች የሚያስረዳ ጥናት አወጣ። አዲስ የተወለደ ሁሉ ክትባት ግዴታው ስለሆነ አገሩ ክንዱን አጋልጦ ጤና ጣቢያ ገባ፤ ሲስተር ሐመልማል እየከተበች ለእያንዳንዱ "አይዞሽ፣ አይዞህ፣ አለቀ" አለች። ሁለቱ ዘበኞች አለቀሱ። ቤቱ ሁሉ በራ።

ቃሉን ግን ማንም አላረመውም። አንድም ሰው። ይህ ሕዝብ አንድ ቃል ተሳስቷል ከሚል የሳጥን ዲቃላ መባልን መረጠ፤ ምርጫውንም በደስታ ነው የፈጸመው።

ዋጋውን ያወቁት የመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች ሸምጋይ ፊት ሲቀርቡ ነው። ሸምጋይ ቤት ቆጠረ። የአምባው ፓኔሎች በሙሉ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ እኅትማማቾች ናቸው። የእኅትማማቾች ልጆች ደግሞ ምን እንደሚባሉ የታወቀ ነው። "ነውር!" አለ ሸምጋይ፤ ቀዩ መብራትም ዞረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሐሩር አምባ ሰው ከሰው አይጋባም። ወጣቱ ሻንጣውን ይዞ ባዕድ ፍለጋ በየአውቶብሱ ይወጣል፤ አዛውንቱም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በሚበራ አምፖል ሥር፣ ይሸኘዋል።

አንድ ቀን አያልቅበት እናቱን ከሁለተኛ ዙር ክትባት መልሶ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣት። ማሽኑ ያጉረመርማል። ከውጭ አውቶብሱ እየተሞላ ነው።

"እማዬ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላሽ'ኮ ያለያዩዋቸዋል።"

"ያን ጊዜ ስንት ይሆነኛል?"

"በኛ ቆጠራ ዘጠና ዘጠኝ። በነሱ አሥራ ስምንት።"

"ታዲያ ምን ትፈራለህ?" አለች እማማ ኤልዳና፤ የተከተበ ክንዷን እያሻሸች። "አሥራ ስምንት ከሞላኝ ባል አገባለሁ። የሚገጥም ጣሪያ ያለው።"

ከዚያ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ቁልቁል አየች፤ አቶ ባስልዮስን፣ ሶልያናን፣ ዘበኞቹን፣ ፕሮፌሰሩን፣ ሁሉንም። ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ሳትቸኩልም አወጣችው።

"ከዚህ አገር ግን አይሆንም።" አለች። "ይኸው ሁሉም ዘመዴ ሆኑ፤ ማፈሪያ ብቻ፣ እስከ ሰባት ቤት!"